ሪንጎ ስታር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የሙዚቃ ወዳጆች ተሰብስበን ወሬው የ1960ዎቹ የእንግሊዝ ባንድ ቢትልስ ላይ ከደረሰ፣ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ይወደሳሉ፤ ለጆርጅ ሃሪሰንም ጊታሩ ይነሳለታል። ድራመሩ ሪንጎ ስታር ጋ ሲደረስ ግን «እሱማ ዕድለኛ ነው» ይባልና ይታለፋል። ይሄ ያናድደኛል። ስለዚህ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ሌነን ራሱ ‹ሪንጎ ከቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጡ ድራመር አይደለም› ብሏል»

አላለም። ይህ ቀልድ የተሰማው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ የኮሜዲ ፕሮግራም ላይ ነው። ሌነን ያኔ በሕይወት አልነበረም፤ የተገደለው በዲሴምበር 1980 ነው። እንዲያውም በሞተበት ዓመት በሰጠው ቃለ ምልልስ ሪንጎ ጎበዝ ድራመር መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ሰው ያላለውን በስሙ ማስወራት ነውር ነው።

«የሚመታው ቀላል ነገር ነው»

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። ሪንጎ ግራኝ ነው። ድራሙን ግን የሚዘረጋው እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። ቀኝ እጁን የሚያስቀድም ድራመር ከትንሹ ቶም (ከድራሙ ከበሮዎች አንዱ) ወደ ትልቁ ሲወርድ መንገዱ ክፍት ነው፤ እጁ ይፈስለታል። ሪንጎ በግራ ስለሚጀምር እጆቹ ሊጠላለፉበት ይደርሳሉ። ስለዚህ ቅንጣት ታህል ዘግየት ብሎ ይገባል። ያቺ መዘግየት ናት የሱ ቃና። ሌላው ሊኮርጃት ሲሞክር ያጣታል።

የ1969ኙን «ካም ቱጌዘር» መግቢያ ስሙት። መጀመሪያ ሃይ-ሃት (ተደራራቢ ጥንድ ጸናጽል)፣ ከዚያ በቶሞቹ ላይ እየተንከባለለ የሚወርድ ምት። ዘፈኑን ሰው የሚያውቀው ገና ግጥሙ ሳይጀመር ነው። በዚያ ዘመን ሪንጎ ድምፁ እንዲታፈን ድራሞቹ ላይ የወጥ ቤት ፎጣ ያለብስ ነበር። «ኧ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» ላይ ደግሞ ዝም ብሎ ምት አይጠብቅም፤ ለሌነን ድምፅ በቶሞቹ መልስ ይሰጣል። ይሄ ቀላል ከሆነ ከባዱ የቱ ነው?

«ማንም ቢተካው ያው ነበር»

በመንዝ ሰርግ ላይ ከበሮ የምትመታዋን ሴት አስቡ። አወዳሹ ይሞገሳል፣ ጨፋሪው ይሸለማል፣ እሷን የሚያነሳ የለም። ምቱን ብትለቅ ግን ጭፈራው ወዲያው ይፈርሳል። በኦገስት 1968 ሪንጎ ከፍቶት ባንዱን ጥሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ሄዶ ነበር። ለሁለት ዘፈኖች ድራሙን ማካርትኒ መታ፤ ሥራው አልቆመም። ቢሆንም ተመለስልን ብለው ቴሌግራም ላኩለት። ሲመጣ ድራሙ በአበባ ተሸፍኖ ጠበቀው። ሦስቱም የጎደለባቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«የመጀመሪያ ዘፈናቸውን የመታው ሌላ ሰው ነው»

ግማሽ እውነት። «ላቭ ሚ ዱ» በሴፕቴምበር 1962 ደጋግሞ ተቀርጿል። በአንዱ ቅጂ ለቀረጻው የተቀጠረው ድራመር አንዲ ዋይት ድራም መታ፤ ሪንጎ ታምቡሪን ይዞ ቆመ። እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ የወጣው ሸክላ ላይ ያለው ግን የሪንጎ ቅጂ ነው።

«ዘፈን አልደረሰም»

ደርሷል። «ኦክቶፐስስ ጋርደን» የሱ ነው።

«ሶሎ አይችልም»

ሶሎ፣ ማለትም ድራሙን ለብቻ መምታት፣ አይወድም ነበር እንጂ። በ1969 «ዚ ኤንድ» ላይ በግድ አግባብተውት አንዴ መታ፤ አጭር ነው፣ ግን ልቅም ያለ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ችሎታው የሚለካው በሶሎ አይደለም። እዚህ በሰርግ ባንድ ድራም የምትመቱ ልጆች የ1966ቱን «ሬይን» በኢርፎን ስሙልኝ። ሪንጎ ራሱ ምርጥ ሥራዬ የሚለው እሱን ነው። ባንዱ ፈጥኖ ተጫውቶ ቴፑ በኋላ ቀስ እንዲል ስለተደረገ ድራሙ ወፍራም ድምፅ አለው። መጀመሪያ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) ብቻ ተከተሉት፤ ከዚያ መልሳችሁ ዘፈኑን በሙሉ ስሙ።