ጦርነታቸው ምስጢር የነበረባቸው ዘማቾች

የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ስትነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እዚያ የሚኖረው የአገራችን ሰው ነው። ከተማዋ ግን የህሞንጎችም ናት። ህሞንጎች ከላኦስ ተራሮች የመጡ ሕዝብ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ያሉት በሚኒሶታ፣ በካሊፎርኒያና በዊስኮንሲን ነው። ኑሯቸው እዚያ መልክ እስኪይዝ ድረስ ከፊት ሆነው የሮጡት ባብዛኛው የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው 1961 ላይ ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የህሞንግ ገበሬዎችን በጄኔራል ቫንግ ፓኦ ሥር አስታጥቆ ከላኦስ ኮሚኒስቶችና ከሰሜን ቬትናም ጦር ጋር አዋጋቸው። አውሮፕላኑ የተመታበትን አሜሪካዊ አብራሪ ከጫካ ፈልጎ ማውጣት አንዱ ሥራቸው ነበር። ላኦስ በ1962ቱ የጄኔቫ ስምምነት ገለልተኛ ስለተባለች ዋሽንግተን እዚያ ጦር አለኝ ማለት አትችልም፤ ጦርነቱም ምስጢር ሆኖ ቀረ። በምስጢር የተዋጋ ሰው ደግሞ ወረቀት የለውም፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ግንቦት 1975 ኮሚኒስቶቹ ሲያይሉ ቫንግ ፓኦና የተወሰኑ መኮንኖቹ ከነቤተሰባቸው በአውሮፕላን ወጡ። የቀረው በእግሩ ነው የሄደው። የሜኮንግን ወንዝ በቀርከሃም በተገኘው ነገርም ሲሻገር ብዙ ሰው ሰጠመ። የተረፈው ታይላንድ ውስጥ እንደ ባን ቪናይ ባሉ ካምፖች ከርሞ ወደ አሜሪካ ተጓዘ።

እዚያ ሲደርሱ መሣሪያው ቀረ፣ ኃላፊነቱ ግን አልቀረም። ትናንት የጦር አዛዥ የነበረው ሰው ዛሬ ቤት ፈላጊ፣ ሥራ አስቀጣሪ፣ የተጣላ አስታራቂ ሆነ። ቫንግ ፓኦ ራሱ በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመረዳጃ ድርጅት አቋቋመ። ህሞንጎች በጎሳ የተደራጁ ስለሆኑ ብዙ ነገር በጎሳ ሽማግሌ ያልቃል። ቀብራቸው ለምሳሌ ቀናት ይፈጃል፤ ቄንግ የሚባል ከቀርከሃ የተሠራ የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ ይነፋል፣ የሟችን ነፍስ በኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ እየመራ ወደ ትውልድ ቦታው የሚመልስ ዜማ ይዜማል፣ ወጪውንም ዘመድ አዝማድ ይጋራል። ዕድርተኛ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

ትልቁ ትግል የመጣው በ1996 ነው። አዲሱ የድጎማ ሕግ ዜግነት የሌለውን ስደተኛ ከብዙ የመንግሥት እርዳታ የሚያስወጣ ነበር። አዛውንቶቹ ዜግነት እንዳይወስዱ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋም አንብበው አያውቁም፣ ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሙበት የላቲን ፊደል የተቀረጸላቸው ገና በ1950ዎቹ ነውና። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፤ የደንብ ልብሳቸውን እየለበሱ ዋሽንግተን ተመላለሱ። በ1997 የአሜሪካ ወታደሮች በሚቀበሩበት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ መታሰቢያ ቆመላቸው። በ2000 ደግሞ እስከ 45,000 ለሚደርሱ ዘማቾችና የትዳር አጋሮቻቸው የእንግሊዝኛውን ግዴታ የሚያነሳ ሕግ ወጣ።

እኔን የገረመኝ ዘማችነት የሚረጋገጥበት ማስረጃ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው የበላይ መኮንኑን ወይም አብረውት የዘመቱ ሁለት ሰዎችን ቃል በጽሑፍ ማቅረብ ይችል ነበር። ስለዚህ አንዱ ዘማች የሌላው መዝገብ ሆነ፤ ማን ከማን ጋር የት ኮረብታ ላይ እንደነበር የሚያስታውስ ሽማግሌ በድንገት እንደ መሥሪያ ቤት ተፈላጊ ሆነ።

ቫንግ ፓኦ በ2011 ሲሞት አርሊንግተን እንዲቀበር የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። ዘማቾቹ እንደገና ተነሱ። በ2018 በወጣው ሕግ፣ በ2000ው ሕግ ዜጋ የሆነ የህሞንግ ዘማች በአሜሪካ ብሔራዊ የወታደር መካነ መቃብሮች እንዲቀበር ተፈቀደ። አርሊንግተንን ግን አይጨምርም።