በረዶ የሚችለው ቁልቋል

ቁልቋል የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ተክል ይሰጣል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ግን ካክተስ ከሚባለው የተክል ቤተሰብ አይደለም። ካክተስ ከአንድ ዝርያ በቀር የአሜሪካ አህጉራት ተወላጅ ነው። ከመካከላቸው ደጅ ለመትከል የሚመቸው ኦፑንቲያ ሁሚፉሳ ይባላል። የእሾሃማው በለስ የቅርብ ዘመድ ነው። ከካናዳዋ ደቡብ ኦንታሪዮ አንስቶ በምሥራቅ አሜሪካ አሸዋማና ድንጋያማ ቦታዎች ይበቅላል። ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው፤ መሬት ለመሬት ይንሰራፋል።

ብዙ ሰው ብርድ ይገድለዋል ብሎ ይሰጋል። እሱ ግን ከዜሮ በታች 25 ዲግሪን ይችላል። ቅዝቃዜው ሲቃረብ ከሰውነቱ ውሃ ይቀንሳል። ይሸበሸባል፣ ይገረጣል፣ መሬት ላይ ይተኛል። ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ስለሚወፍር ቶሎ በረዶ አይሆንም። ላየው ሰው ያለቀለት ይመስላል። እባካችሁ አትንቀሉት! ሙቀት ሲመለስ ውሃ ስቦ ቀና ይላል።

የሚገድለው እርጥበት ነው። በተለይ በብርዱ ወራት ሥሩ ውሃ ላይ ከከረመ ከታች ጀምሮ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ መደቡ ላይ ነው። መደቡን ከፍ አድርጉት፤ ተዳፋት ካለ ደግሞ እሰየው። አፈሩ ላይ አሸዋና ጠጠር በደንብ ይቀላቀልበት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ፍግ አያስፈልገውም፤ ምግብ ሲበዛበት ይለሰልሳል።

ለማባዛት ቅጠል የሚመስለውን ጠፍጣፋ ግንድ ከመጋጠሚያው ቁረጡ። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ታችኛውን ጫፍ አሸዋማ አፈር ውስጥ ቅበሩ። ሥር እስኪያወጣ ውሃ አታብዙበት።

በባዶ እጅ ግን አትንኩት። ከትልልቆቹ እሾሆች ይልቅ የሚያስቸግሩት እንደ ፀጉር የቀጠኑት ናቸው። ጫፋቸው ወደ ኋላ የዞረ መንጠቆ አለው። በጓንት ሳይቀር ያልፋሉ። በጉጠት ወይም በታጠፈ ጋዜጣ መያዝ ይሻላል፤ ከገቡም በወረንጦ ይለቀማሉ። በመሃሉ የበቀለ አረም መንቀል መከራ ስለሆነ ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን ከአረም አጽዱ።

አበባው ያን ሁሉ ያስረሳል። ቢጫ ነው፣ ሰፊ፣ እንደ ሐር የሚያበራ። እያንዳንዱ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ንብ ገብታ ስትነካቸው ወንዴዎቹ ዘንጎች ወደ መሃል ሲታጠፉ በዓይን ይታያል። ቆሞ ማየት ነው!

ከትውልድ አገሩ ውጭ ግን አትትከሉት። አውስትራሊያ የገቡ ዘመዶቹ ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርረው ነበር። እነሱን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1926 አባጨጓሬዋ ቁልቋል የምትበላ የእሳት ራት ተለቀቀች፤ ሠርቷልም። ያቺው የእሳት ራት በ1989 ፍሎሪዳ ተገኘች። አሁን የአገሬውን ቁልቋሎች ከውስጥ ትቦረቡራለች።