የግጥም ቅርጽ ምንድን ነው? በአንድ የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ግጥም ላይ

አንድ ግጥም ምን እንደሚል ስንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ አናጣም። እንዴት አድርጎ እንዳለው ስንጠየቅ ግን ወደ ቆጠራ እንሄዳለን፤ ይህን ያህል አንጓ፣ በየአንጓው ይህን ያህል ስንኝ፣ ቤት የሚመታው እንዲህ እንዲህ። ቆጠራው ልክ ነው፤ ትንተና ግን ገና አልተጀመረም። ቅርጽ ማለት ገጣሚው ቃላቱን የደረደረበት፣ የቆረጠበትና ዝም ያሰኘበት መንገድ ነው። መተንተን ደግሞ ያ አደራደር አንባቢውን ምን እንደሚያደርገው ማሳየት ነው።

ብሪታኒያዊቷ ገጣሚ ካሮል አን ዳፊ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው መድበል ውስጥ «ዋር ፎቶግራፈር» (የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ) የሚል ግጥም አለ። ዛሬም የእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይፈተኑበታል፤ እዚያ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች አንድ ቀን በቤት ሥራ መልክ ሳታገኙት አትቀሩም። ነገሩ ይህ ነው፦ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ፎቶ አንሺ በጨለማ ክፍል ብቻውን ፊልም ያጥባል። ምስሉ ብቅ ሲል ያየው ሁሉ ይመጣበታል። አዘጋጁ ከመቶ ያህል ፎቶ አምስት ስድስቱን ለእሑድ ጋዜጣ ይመርጣል፤ ሰውየውም ተመልሶ አውሮፕላን ላይ ይወጣል።

ግጥሙ አራት አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ አንጓ ስድስት ስንኝ። በመጀመሪያው አንጓ ፎቶ አንሺው የፊልም ጥቅሎቹን በሥርዓት ደርድሯቸዋል፤ ዳፊ ግን «የፊልም ጥቅል» አትልም፣ የስቃይ ጥቅል ነው የምትላቸው። እኩል እኩል የተቆረጡት አንጓዎችም እንደዚያው ተደርድረዋል። ሰውየው መከራን መስመር የሚያስይዝ ባለሙያ ነው፤ ገጣሚዋም የምትሠራው ያንኑ ነው። ቤት አመታቱን ስናይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስንኝ ይገጥማሉ፣ አምስተኛውና ስድስተኛውም ይገጥማሉ፤ አንደኛውና አራተኛው ግን ጥንድ የላቸውም። ሁለት ሁለቱ ስንኝ ቤት ሲመታ መስማት ለለመደ የአማርኛ ጆሮ ይህ ቶሎ ይሰማል። በየአንጓው ሁለት ስንኝ ከሥርዓቱ ውጭ ቀርቷል። በመጨረሻው አንጓ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንኳ የሚገጥሙት በግማሽ ነው።

የእረፍቱ ነገር፣ ማለትም ስንኙ መሐል ቆም የሚባልበት ቦታ፣ ይበልጥ ይገርመኛል። በእኛ የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ላይ ማረፍ ግዴታ ነው፤ ቦታው ስለማይለወጥ እረፍቱ ብቻውን አዲስ ነገር አይነግረንም። በዚህ ግጥም ግን እረፍቱ ከስንኝ ስንኝ ይዘዋወራል፤ ስለዚህ የት እንደወደቀ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አንጓ መጨረሻ ጦርነትና ግጭት ያየ ሦስት ከተማ ይጠራል፦ ቤልፋስት፣ ቤይሩት፣ ፕኖም ፔን። ግስ የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ በእያንዳንዱ ስም ላይ አራት ነጥብ አለ። ከዚያ ወዲያው ከትንቢተ ኢሳይያስ፦ «ሥጋ ለባሽ ሁሉ ሣር ነው።» ነጥቦቹ ካሜራ ሲያነሣ የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ናቸው የሚሉ አሉ። እኔን ብዙም አላሳመነኝም፤ ከዚያ በፊት ባሉት ስንኞች ቀዩ መብራት እንደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰውየውም ቅዳሴ ሊያዜም እንደተዘጋጀ ቄስ ተመስሏል። ስለዚህ የምሰማው የሙታን ስም ጥሪ ነው።

አሁን ወደ ስንኝ አቆራረጡ። ሁለተኛው አንጓ ላይ እጆቹ ያኔ አልተንቀጠቀጡም ይልና ስንኙ ያልቃል። ለጥቂት ጊዜ የምናምነው ደፋር ሰው አለን። ቀጣዩ ስንኝ ሲጀምር አሁን ግን የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ ይላል። ዐረፍተ ነገሩን በአንድ መስመር ብንጽፈው ተራ መረጃ ነው፤ መሐል ላይ ሲቆረጥ ግን ድፍረቱና ፍርሃቱ በባዶ ቦታ ተለያይተው ይቆማሉ፤ ሥራ ላይ የዋጠው አሁን በሰላሙ አገር እየወጣ ነው። እዚያው ስንኝ ላይ የእንግሊዝ ገጠር ይመጣል፤ በአንጓው ግርጌም እግር ሲረግጠው የማይፈነዳ ሜዳ። ስንኙ «እግር» ላይ ይቆማል። የማን እግር? መልሱ ከቁርጡ በኋላ ነው፦ የሚሮጡ ሕፃናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ቬትናም ውስጥ ከናፓልም እሳት ሲሸሹ የተነሡትን ልጆች ፎቶ ያየ ሰው ምስሉን ከዚህ መነጠል ይቸግረዋል። ሜዳው አይፈነዳም ብላ እየነገረችን የሚታየን የሚፈነዳው ነው፤ የሌለውን በአሉታ ጠርታ አመጣችው።

ሦስተኛው አንጓ አጭር ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ፣ የአንድ እንግዳ ሰው ፊት በኬሚካሉ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ያሳያል። ከዚያ የዚያ እንግዳ ሰው ሚስት ጩኸት ከስንኝ ወደ ስንኝ እየተንጠባጠበ ይመጣል። እዚህ ብዙ መተንተን አያስፈልግም፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

በአራተኛው አንጓ የጋዜጣው አንባቢ ዓይን በእንባ የሚቆጠቁጠው ከገላ መታጠብ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ከሚጠጣው ቢራ አስቀድሞ ነው። እንባና ቢራ በእንግሊዝኛው በአንድ ስንኝ ውስጥ ቤት ይመታሉ፤ ቅላጼው የልጆች ዘፈን ያህል ቀላል ነው፣ ንቀቱም ያለው እዚያ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ግን ያለ አንዳች ክፍተት ይገጥማሉ። ሰውየው ከአውሮፕላኑ ወደ ታች፣ እንጀራውን ወደሚያገኝበት ቦታ ያያል፤ እነሱም ግድ የላቸውም። ብዙ አንባቢ «እነሱ» የሚላቸው እንግሊዞቹን ነው ይላል፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ነገር ግን እንጀራው የሚገኘው ከጋዜጣው ብቻ ሳይሆን ከጦር ሜዳውም ነው፤ ግጥሙም የትኛው እንደሆነ አይለይም።