ድሬ ሳይዘንብ ደቻቱ ለምን ይሞላል?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አየር ጠባይ አስተያየት የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣውም፣ መጋላ ባጃጅ የሚነዳውም የራሱ ትንበያ አለው። አብዛኛው ልክ ነው። ልክ ያልሆነውን እንይ፤ ከአየሩም አልፈን ውቅያኖስንና ጠፈርን እንነካለን።

«ሰማዩ ጥርት ካለ ደቻቱ አይመጣም»

አደገኛው ይሄ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው ዋናው ዝናብ ከተማው ላይ የሚወርደው ሳይሆን በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የሚወርደው ነው። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ተራራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ጠቁሮ የሚቆለለው እሱ ነው። ዶፉ እዚያ ይወርዳል። መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ለመስረግ ፋታ አያገኝም። እናም አናታችን ላይ ኮከብ እየታየ፣ ደረቁ አሸዋ በጎርፍ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ሰው በተኛበት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። አሸዋው ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ማየት ያለበት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ተራራው ነው።

«ዝናብ አለ ብለው ሐረር ብቻ ዘነበ፤ ውሸታሞች!»

ኧረ ይሄስ በትንበያ ባለሙያዎች ላይ ግፍ ነው። ድሬና ሐረር በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አንድ የነጎድጓድ ደመና ግን ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም አንድ ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት የትንበያ ሞዴሎች ምድርን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች ይሸነሽኗታል። ከዚያ የሚያንሰውን ደመና በቀጥታ አያዩትም፣ በግምት ይሞሉታል። ትንበያው ወረዳውን እንጂ ሰፈሩን አያውቅም። ባለሙያዎች ከጥቂት ኪሎ ሜትር እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያለውን መጠን ሜሶስኬል ይሉታል፤ የትንበያ ራስ ምታት ያለው እዚሁ ነው።

«ውቅያኖስ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል»

እንዲያ አይደለም፤ የውቅያኖስ የእንቅስቃሴ ጉልበት በአብዛኛው ያለው በአዙሪቶቹ ውስጥ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ በክረምት ደቡብ ምዕራባዊው ነፋስ ሲበረታ ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሰፋ የሚችል አዙሪት ይፈጠራል። በጠርዙ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው የሚበላውን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

«ጠፈር የሳተላይት ምልክትን የሚረብሸው የዋልታ አገሮችን ብቻ ነው»

የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትሮች በላይ ባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ አየር ውስጥ ግዙፍ አረፋዎች ይነሳሉ። የሳተላይት ምልክት በእነሱ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ ቅያሶች ስልካችሁ መንገድ ቢያሳስት ግን ጠፈርን አትውቀሱ፤ ግንቡ ነው። አረፋው የሚያስቸግረው በሴንቲ ሜትር የሚለካውን ቀያሽ ነው፤ የምሽት ልኬቱ ከዘለለበት ጠዋት ይድገመው።