የሕይወት አመጣጥ ክርክር በጎጃም፦ ከጉባኤ ቤት እስከ ጣና ዓሣ

በጎጃም የሕይወት አመጣጥ ክርክር የሁለት ትምህርቶች ጉዳይ ነው። አንዱ በአብነት ትምህርት ቤት ለዘመናት ሲሰጥ የኖረው የሥነ ፍጥረት ትምህርት ነው። ሌላው በዘመናዊው ትምህርት ቤት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ነው። ጎጃም ሲባል እዚህ ላይ ዓባይ የከበበው ነባሩ ጎጃም ነው፤ ባሕር ዳርንም ይጨምራል።

ስለ ጉዳዩ በብዛት የሚወራው የሌላ አገር ጠብ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ቴነሲ አንድ አስተማሪ ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። የጎጃሙ ክርክር ግን የሚውለው ችሎት ላይ ሳይሆን የአብነት ተማሪ በሚውልበት ጉባኤ ቤት፣ መማሪያ ክፍልና ዶርም ውስጥ ነው።

ነባሩ ትምህርት

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ መንገዶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምድር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ስማቸው የሚጠራ የትምህርት ደብሮች ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ፊደልና ንባብ ይለያል፣ ዜማና ቅኔ ይማራል። የገፋበት ደግሞ መጻሕፍት ቤት ይገባል። ኦሪት ዘፍጥረት ከነትርጓሜው የሚዘለቀው እዚያ ነው።

የሥነ ፍጥረቱ ትምህርት ሦስት ምንጮች አሉት፦ ኦሪት ዘፍጥረት፣ መጽሐፈ ኩፋሌና አክሲማሮስ። አክሲማሮስ የስድስቱን ቀን ሥራ የሚተነትን መጽሐፍ ነው። የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስ ደረሰው ይባላል። በትምህርቱ መሠረት እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረታትን ፈጠረ። እሑድ ስምንት ነው፤ አራቱ ባሕርያት ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ ከዚያም ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ሰኞ ጠፈር ብቻ። ማክሰኞ ሦስት ዓይነት ዕፅዋት። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ሐሙስ ከውኃ የተገኙ ሦስት ዓይነት እንስሳት። ዓርብ ሦስት የየብስ እንስሳትና አዳም። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ነው፤ ነፍስ ግን የፈጣሪ እስትንፋስ ናት።

ዘመኑም የተቆጠረ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ይባላል። ለአዳም የተሰጠው «አምስት ቀን ተኩል» የሚለው የተስፋ ቃል፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ታስቦ ማለት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ 2017 ዓ.ም. 7517 ዓመተ ዓለም ሆኖ የሚወጣው በዚህ ስሌት ነው።

ጉባኤ ቤት ጥያቄ አይወድም የሚል ሰው ጉባኤ ቤት አልዋለም። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ የእሑዱ ብርሃን ከየት መጣ? ዕፅዋትስ ማክሰኞ ያለ ፀሐይ እንዴት ለመለሙ? እነዚህን የኔታ ራሳቸው ያነሷቸዋል። መልሱ የእሑዱ ብርሃን በረቡዕ ለፀሐይ ተሰጠ የሚል ነው። አንድምታ የሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱን ለማጽናት ሌላውን አይፍቅም። በዚህ የሠለጠነ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከሌላው ይልቅ ሳይደናገጥ ይከራከራል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

ግዮን

በምዕራብ ጎጃም ሰከላ የምትገኘው ግሽ ዓባይ በክርክሩ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ኦሪት ዘፍጥረት 2፥13 ኢትዮጵያን ይከብባል የሚለው ግዮን ዓባይ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ምንጯ ጸበል ናት፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክም ስም ከእርሷ ጋር ይነሳል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 አይተዋታል። ብሩስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ነበር። የሰከላ ሰው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ያውቃት ነበር።

ተጠራጣሪው የሚያነሳው ግልጽ ነው። ዘፍጥረት ግዮንን ከጤግሮስና ከኤፍራጥስ ጋር ከአንድ ወንዝ ያወጣዋል፤ ካርታው ላይ ግን አይገናኙም። ወንዞቹ ከገነት ወጥተው በምድር ውስጥ ሄደው ይፈልቃሉ የሚል መልስ አለ። ገነት ራሷ ጎጃም ነበረች የሚሉም አልጠፉም፤ ይህን ግን ከአገር ፍቅር በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ዘመናዊው ትምህርት

በደርግ ዘመን የማርክሲዝም ትምህርት ሕይወትን ከቁስ አካል ብቻ የመጣ አድርጎ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ባዮሎጂ መጽሐፍ ተመልሷል።

የቀድሞው የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ የሕይወት አመጣጥ ሐሳቦችን ተራ በተራ ያስቀምጥ ነበር። የፈጣሪ ሥራ የሚለው፣ ሕይወት በራሱ ጊዜ ይፈልቃል የሚለው፣ ሁሌም ነበረ የሚለው፣ ከጠፈር መጣ የሚለውና በኬሚካላዊ ሂደት ተገኘ የሚለው ሁሉ ነበሩበት። አንድ አስተማሪ ገጹን አንብቦ ያልፋል፤ ሌላው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ያከራክራል። ተማሪው ለፈተና የሚጠየቀውን ይሸመድዳል፣ እሑድ ቅዳሴ ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ ሁለት ነገሮች ዘወትር ይምታታሉ። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው የዳርዊን መጽሐፍ የሚናገረው ዝርያዎች እንዴት እንደተለያዩ እንጂ የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት እንደተገኘ አይደለም። የመጀመሪያውን ሕይወት በኬሚስትሪ ለማስረዳት የሞከሩት በኋላ የመጡት ናቸው። ሩሲያዊው ኦፓሪን በ1924 ሐሳቡን አቀረበ። አሜሪካዊው ሚለር በ1953 ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውኃ ትነት በኤሌክትሪክ ብልጭታ መትቶ አሚኖ አሲዶች ማግኘቱን አሳወቀ። አሚኖ አሲድ ግን ሕይወት አይደለም። እስከ ዛሬ ከባዶ ኬሚካል ሕይወት ያለው ነገር በላብራቶሪ የሠራ የለም። የሃይማኖቱ ወገን አጥብቆ የሚይዘው ይህን ነው፤ ትክክልም ነው። ይህ ክፍተት ግን የዝርያዎችን መለዋወጥ አያፈርሰውም። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለውም አባባል ሳይንሱ የሚለው አይደለም። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ዝንጀሮ የጋራ ጥንተ ወላጅ አላቸው ነው።

የበረሃው ድንጋይ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ሰው በዓባይ በረሃ የምድርን ታሪክ ተደራርቦ ያየዋል። ከታች አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የጎጃም ጤፍ የሚበቅለው በላይኛው ላይ ነው፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የጮቄ ተራራ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። የኖራ ድንጋዩ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል፤ ውስጡም የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል አለበት።

ባሕር የሌለው አገር ላይ የባሕር ዛጎል! አማኙ «የኖኅ ውኃ ነው» ይላል። የጂኦሎጂ ባለሙያው ባሕር አገሩን ሸፍኖ ቆይቶ ነው ይላል። ለባለሙያው የሚያግዘው አደራደሩ ነው። ጂፕሰም የሚፈጠረው የጨው ውኃ ቀስ ብሎ ሲተን ነው፤ በአንድ ዓመት ጎርፍ ይህን ያህል ውፍረት አይጠራቀምም። ድንጋዩን የተመለከተ አማኝም ይህን ነጥብ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

የጣና ዓሣ

ዝግመተ ለውጥን በዓይን ማሳየት ለሚፈልግ ጎጃም ውስጥ ከጣና የተሻለ ቦታ የለም። የሐይቁ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ለይቶታል። በውስጡ ዓሣ አጥማጁ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን አለ፤ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ ይባላል።

ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በርካታ ዝርያ ብሎ ለየው። በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ አብዛኛውን አንድ ዝርያ አድርጎ ጠቀለለው። በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠርተው ወደ 15 አደረሱት። ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋቸው ጥርስ ለሌለው ለዚህ የዓሣ ቤተሰብ ይህ ብርቅ ነው። በዓለም ላይ በዚህ ቤተሰብ ሳይጠፋ የቀረ እንዲህ ያለ የዝርያዎች ስብስብ ሌላ አይታወቅም፤ የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ስብስብ ጠፍቷል።

ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸው ያከራክራል። የደለል ጥናት ጣና ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ዓሣዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለያዩ ካልን ፍጥነቱ አስገራሚ ነው። በወንዞቹ ውስጥ ተጠልለው ተርፈዋል ካልን ታሪኩ ይረዝማል። አንዳንድ አማኝ ተከራካሪ «ዓሣ ዓሣ ሆኖ ቀረ እንጂ ወፍ አልሆነም» ይላል። የባሕር ዳር ተመራማሪዎችን የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነው። ዓሣዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ ዓሣ አጥማጆች የወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ ይጠብቋቸዋል።

በዩኒቨርሲቲዎች

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ቀን የዝግመተ ለውጥ ኮርስ የሚወስደው ተማሪ ማታ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ ሥነ ፍጥረት ሊማር ይችላል። ከሁለቱ አንዱን የሚጥል ጥቂት ነው። አስታራቂዎቹ የዘፍጥረት ቀን ረጅም ዘመን ነው ይላሉ፤ «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት» የሚለውን የጴጥሮስን ቃል ይጠቅሳሉ። «ውኃ ታስገኝ» የሚለውንም ሕይወት ከውኃ ጀመረ ከሚለው ጋር ያገናኙታል። ሊቃውንቱ አይቀበሏቸውም። ሺህ ዓመቱ ለአምስት ቀን ተኩሉ ነው፤ ስድስቱ ቀን ማታና ጥዋት ያለው ቀን ነው ይላሉ። ሒሳቡም ቢሆን ስድስት ሺህ ዓመት ብቻ ይሰጣል። ሳይንሱ ለምድር የሚሰጠው 4.5 ቢሊዮን፣ ለጥንታዊው የሕይወት አሻራ ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

የጎጃም ሙስሊሞችም አዳም ከጭቃ ተፈጠረ ብለው ያምናሉ፤ ስለ ሰው አመጣጥ ሲከራከሩ ከክርስቲያኑ ጎን ይቆማሉ። ፕሮቴስታንቱም ዘፍጥረትን ይጠቅሳል፤ 22ቱን ፍጥረትና 5,500 ዘመኑን ግን አይቆጥርም።