ሞተር ለምን ይተነፍሳል? ካች ካንስ ምን ይሰራል?

ድሬ ውስጥ ጋራዥ ገብታችሁ "ሞተርህ ይተነፍሳል" ስትባሉ አትደንግጡ፣ አቦ የማይተነፍስ ሞተር የለም! ሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) ጎን ሾልኮ ወደታች ዘይቱ ጋ ይወርዳል፣ መውጫ ካጣ ግፊት ፈጥሮ ዘይቱን በፓራኦሊዮና በጋስኬት (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዙት ማሸጊያዎች) በኩል ይገፋዋል፣ ለዛ ነው ፒሲቪ የምትባለው ቫልቭ ጋዙን ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መልሳ እንዲቃጠል የምታደርገው። ችግሩ ጋዙ የዘይት ጉም ይዞ ነው የሚሄደው፣ ጭናችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ደግሞ ይብሳል።

ካች ካን በፒሲቪውና በማኒፎልዱ መሀል የሚገባ ጣሳ ነው በቃ። ዘይቱ ውስጡ ካለው ወንፊት ጋ ተጋጭቶ ይንጠባጠባል፣ ጋዙ ያልፋል። ወንፊት የሌለው ባዶ ጣሳ ብዙም ስለማይዝ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንዱ የጎማ ቱቦ ከፒሲቪ ሌላው ወደ ማኒፎልድ ይገባል፣ ጎማው ዘይት የሚችል ይሁን፣ የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ይላላል፣ የሆነ ቦታ አየር ከሳበ ደግሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል። ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩት፣ ሲሞላ ድፉት።

መስመሩን መድፈን ግን በፍጹም! ያኔ ነው ፓራኦሊዮው የሚያለቅሰው።

በነገራችን ላይ ጥቅሙ የሚጎላው ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ነው፣ ምክንያቱም እነሱ ላይ የመግቢያ ቫልቩን ቤንዚን አያጥበውም፣ ጥቀርሻ ይይዛል። ለድሮ ቪትዝ እኔ ብዙም አልመክርም፣ ፒሲቪዋን መቀየር ይበቃል። ጣሳው ቶሎ ቶሎ ከሞላባችሁ ፋሻውን አስፈትሹ።