የቫሌሪየስ ደ ሳዴሌር ቤተሰብ የስደት ዘመን በዌልስ

ቫሌሪየስ ደ ሳዴሌር በምሥራቅ ፍላንደርስ በምትገኘው አልስት ከተማ በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደ የቤልጅየም ሠዓሊ ነው። ከባለቤቱ ከክሌመንቲን ሊምፐንስ አምስት ሴት ልጆችን ያፈራ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በሲንት ማርተንስ ላተም መንደር ከኖረ በኋላ በ1908 ወደ ቲገም ተዛውሯል።

የቤተሰቡ ስም በጥንቱ የፍላሚሽ ቋንቋ ኮርቻ ሠሪ ማለት ነው። የትውልድ ሐረጉን የሚከታተል ሰው የብሪታንያን መዝገቦች በ«ደ» (D)ም በ«ሳ» (S)ም ፊደል ሥር መፈለግ ይኖርበታል። በቤልጅየም የሲቪል መዝገብ ያገባች ሴት እንደ እኛ አገር በአባቷ ቤት ስም ስለምትጻፍ እናቲቱ እዚያ ሊምፐንስ ናት፤ በብሪታንያ ልማድ ግን ሚስት በባሏ ስም ስለምትጠራ አንዲቱ ሴት ሁለት ሰው ልትመስል ትችላለች።

የጀርመን ጦር ነሐሴ 1914 ቤልጅየምን ሲወር ሩብ ሚሊዮን ያህል ቤልጅየማውያን ወደ ብሪታንያ ተሰደዱ። የደ ሳዴሌር ቤተሰብ ግን ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ ነው የተጓዘው፤ ከቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ከጆርጅ ሚንና ከሠዓሊው ከጉስታቭ ቫን ደ ዉስታይን ቤተሰቦች ጋር የዌልስ ጥሪ ደርሶት ነበር። ጥሪውን ያቀረቡት ግዌንዶሊንና ማርጋሬት ዴቪስ የተባሉ እህትማማቾች ሲሆኑ፣ አያታቸው በድንጋይ ከሰልና በባቡር ሐዲድ ሥራ ሀብት ያካበተ ሰው ነበር። ሐሳባቸው መጠለያ በመስጠት ብቻ የሚያበቃ አልነበረም፤ እንግዶቹ ሙያቸውን ለዌልስ ኪነ ጥበብ እንዲያካፍሉም ይሹ ነበር። ስለሆነም ነገሩን እንደ ተራ ምጽዋት የሚያቀርቡ ጽሑፎች ለሁለቱ እህትማማቾች ተገቢውን ክብር የሰጡ አይመስልም።

ቤተሰቡ በአበሪስትዊዝ አጠገብ በሪዲፈሊን ታይንሎን በተባለ ቤት ተቀመጠ። ታይንሎን በዌልስ ቋንቋ በመንገድ ዳር ያለ አነስተኛ የገበሬ ቤት ማለት ነው። ሠዓሊው በዚያ በቆየባቸው ስድስት ዓመታት ገደማ የዌልስን ሸለቆዎች በፍላንደርስ ዓይን ሣለ፦ ነጭ የበረዶ ሜዳ፣ ከፊት ለፊት ቅጠላቸው የረገፈ ጥቋቁር ዛፎች፣ ቅርንጫፎቻቸው እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ይህ አሣሣል በ1902 በብሩጅ ከታየው የቀደምት ፍላማውያን ሥዕሎች ዐውደ ርእይ ጋር ይያያዛል። በአንጻሩ በላኒድሎይስ የተቀመጠው ሚን ቅርጽ መሥራቱን ትቶ የእናትና የልጅ ንድፎችን በከሰል ይሥል ነበር።

የስደቱ ዋነኛ ፍሬ ግን በልጆቹ ላይ የታየው ነው። በ1902 የተወለደችው ኤሊዛቤት የሽመና ፍቅር ያደረባት በዌልስ ሲሆን፣ የእጅ ጥበብ ንቅናቄ መሪ ከነበረው ከዊልያም ሞሪስ ልጅ ከሜይ ሞሪስ እንደተማረች የሚገልጹ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ቤተሰቡ ከስደት ተመልሶ በ1921 በኤቲክሆቭ ሲሰፍር አዲሱን ቤት ታይንሎን ብሎ ሰየመው፤ የሠዓሊው ሴት ልጆችም በዚያ የሽመናና የጥልፍ ሥራ ቤት አቋቋሙ። በፍላንደርስ መንደር የዌልስ ስም የተሸከመ ቤት ማግኘት ለሐረግ ፈላጊ ከብዙ ሰነድ ይልቅ የሚጠቅም ምልክት ነው። ኤሊዛቤት በኋላ አርክቴክቱ ሄንሪ ቫን ደ ቬልደ በብራሰልስ በመሠረተው የላ ካምብር የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሽመና አስተምራለች።

ቫሌሪየስ በ1941 አገሩ ዳግመኛ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ወቅት ሲያርፍ፣ ኤሊዛቤት እስከ 1972 ኖራለች።